የመልእክቱን ወሰን የሚያሰምረው ተቀባዩ ነው

በሽል እድገት ጊዜ ህዋሳት የሚያመነጯቸው አንዳንድ ሞለኪውሎች ከምንጫቸው በራቁ ቁጥር እየሳሱ ይሄዳሉ፤ በየርቀቱ ያሉ ህዋሳትም የደረሳቸውን መጠን ለክተው ምን ዓይነት አካል እንደሚሠሩ ስለሚወስኑ፣ «ሞርፎጅን» የተባለው ይህ መልእክተኛ ከልኩ ካለፈ ወይም ካጠረ ቅርጽ ይዛባል። ሉዊስ ዎልፐርት እ.ኤ.አ. በ1969 ህዋሳት ቦታቸውን የሚያውቁት በዚህ መንገድ እንደሆነ ሲያስረዱ፣ በዓመቱ ፍራንሲስ ክሪክ በአንድ ጫፍ አመንጪ፣ በሌላው ጫፍ አጥፊ ህዋስ ቢኖር እንዲህ ያለው የመጠን ልዩነት በሰዓታት ውስጥ ሊፈጠር እንደሚችል በስሌት አሳዩ። አጥፊው ማን እንደሆነ በተግባር ለማወቅ ግን ከ25 ዓመት በላይ ወሰደ።

ግልጹ መልስ የተገኘው በፍራፍሬ ዝንብ እጭ ውስጥ፣ ወደፊት ክንፍ ከሚሆነው ሕብረ ህዋስ ነው። በዚህ ሕብረ ህዋስ የኋለኛው ክፍል ሄጅሆግ የተባለውን ፕሮቲን ሲያመነጭ፣ የፊተኛው ክፍል ይቀበላል። ሄጅሆግ ከኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ስለሚሠራ እንደልቡ አይሠራጭም፤ ይህ በአመንጪው በኩል የተበጀ ልጓም ነው። ጠንከር ያለው ልጓም ግን ያለው በተቀባዩ ዘንድ ነው፤ የፊተኞቹ ህዋሳት ሄጅሆግን የሚይዙት ፓችድ በተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ሲሆን፣ መልእክቱ ሲደርሳቸው ይህንኑ ተቀባይ አብዝተው ይሠራሉ። በመሆኑም ለድንበሩ የቀረበው ህዋስ ብዙ በተቀበለ ቁጥር ብዙ ይይዛል፣ የያዘውንም ወደ ውስጥ ስቦ ያፈርሳል፣ ለቀጣዩ የሚተርፈውም ያንሳል። ዩ ቼንና ጋሪ ስትሩል በ1996 ከድንበሩ አጠገብ ፓችድ የሌላቸው ጥቂት ህዋሳት እንዲፈጠሩ ሲያደርጉ፣ ሄጅሆግ እነዚህን አልፎ በወትሮው የማይደርሳቸውን ከወዲያ ያሉ ህዋሳት ቀሰቀሰ።

ሁሉም መልእክተኛ ግን ሩቅ መሄድ አለበት ማለት አይደለም። በ2014 የዣን ፖል ቫንሳን የምርምር ቡድን ዊንግለስ የተባለውን ሌላ ሞርፎጅን ከአመንጪው ህዋስ ገጽ ጋር አቆራኝቶ እንዳይርቅ ቢያደርግም፣ ዝንቦቹ ክንፋቸው ከሞላ ጎደል ጤናማ ቅርጽ ይዞ አደጉ፤ ለረጅም ጊዜ እንደ ግዴታ ሲቆጠር የኖረው የርቀት ጉዞም ለጥያቄ ቀረበ።

የፓችድ ድርብ ሥራ በሰው ላይም ይታያል። ፓችድ ሄጅሆግን ከመያዙ በተጨማሪ፣ መልእክት በሌለበት ጊዜ ስሙዝንድ የተባለውን ፕሮቲን ገትቶ የህዋሱን ምላሽ ይዘጋል። ፓችድን የሚሠራው ዘረ መል በቆዳ ህዋሳት ውስጥ ሲበላሽ ህዋሱ ያልተላከለትን ትእዛዝ እንደተቀበለ ሆኖ ይራባል፣ የቤዛል ሴል ካንሰርም ይከተላል። በ2012 በአሜሪካ የተፈቀደው ቪስሞደጊብ የተባለው መድኃኒት ያነጣጠረውም በሄጅሆግ ላይ ሳይሆን በስሙዝንድ ላይ ነው፤ ፓችድ የጠፋበት ህዋስ መልእክት መጠበቁን ትቷልና፣ መልእክተኛውን ማገድ አያስታግሰውም።