የድካምዎ ምክንያት አንገትዎ ላይ ይሆን?

ሌሊቱን ሙሉ ተኝተው አድረው ደክሞዎት ይነሳሉ? የወር አበባዎ ተዛብቷል? ፀጉርዎ ማበጠሪያ ላይ እየቀረ፣ ሳይበሉ ክብደት እየጨመሩ ነው? ዳንግላ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ይህ ሁሉ ሲደርስባት ቤተሰቡ «ከወለደች ወዲህ ሰነፈች» ብሎ ደመደመ። እኔም አብሬ ደምድሜያለሁ። ሁለት ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ ባሕር ዳር ሄዳ ደሟን ስትመረመር የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ መሆኑ ታወቀ።

«ሆርሞን ተዛባ» ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ማህፀንና የወር አበባን ብቻ ነው። ታይሮይድ ግን አንገታችን ፊት ለፊት ያለ፣ ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ ሲሆን ሰውነታችን ጉልበቱን በምን ፍጥነት እንደሚጠቀም ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ብርድ አይቻልም፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ ስሜት ይጨልማል፣ የወር አበባ ይበዛል፣ ማርገዝም ያስቸግራል። ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ችግሩ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዛት ያጠቃል፤ ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመትም ሊከሰት ይችላል።

ዕጢው ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው። እንደ ዳንግላ ባለ ዝናባማ ደጋ ግን ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ስለሚያጥበው እህሉም አትክልቱም ይጎድለዋል። ለዚህ ነው በአያቶቻችን ዘመን እንቅርት ብርቅ ያልነበረው፤ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረትም ያለ ምክንያት አልመጣም።

መፍትሔው ጨው ውስጥ ነበር። እስከ 1990ው የድንበር ጦርነት ድረስ ከቀይ ባሕር ዳርቻ አዮዲን ያለው ጨው ይመጣልን ነበር። ከዚያ በኋላ ፊታችንን ወደ አፋሩ አፍዴራ ስናዞር ብዙ ጊዜ ያገኘነው አዮዲን የሌለውን ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና የማሸጊያ ጽሑፍ ሳላነብ አልገዛም፤ እርስዎም አዮዲን አለው የሚለውን፣ የታሸገውን ይምረጡ። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይጠፋል። ስለዚህ ጨውዎን ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃ አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት። ጨው ያብዙ ማለቴ ግን አይደለም፤ የደም ግፊትን አይርሱ።

ሁሉም የታይሮይድ ችግር ከአዮዲን እጥረት አይመጣም። አንዳንዴ የሰውነታችን መከላከያ ራሱ ዕጢውን ያጠቃል፤ በዚያን ጊዜ በራስ ፈቃድ አዮዲን መጨመር ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሄደው ስለ ቲ.ኤስ.ኤች. የደም ምርመራ ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ ካሰቡ አይዘግዩ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የጽንሱ አንጎል የሚያድገው በእናቱ ሆርሞን ነው። በቀን 150 ማይክሮግራም የነበረው የአዮዲን ፍላጎትም በእርግዝና ወደ 250 ከፍ ይላል።

እህቴ አሁን በሐኪም የታዘዘላትን ኪኒን በየጠዋቱ በባዶ ሆድ ትወስዳለች። የብረት ኪኒን ካለ በአራት ሰዓት ልዩነት ነው። ለእሷ ከሁሉ የከበዳት ቡናው ነበር፤ መድኃኒቱ እንዳይሠራ ስለሚያደርግ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መታገሥ አለባት። እናታችን ዘዴ አገኘችለት፦ ኪኒኑ እስኪዋጥ ድረስ ቡናውን አትቆላም። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ሰዓቱ ይሞላል።