ፍሪሲዮን ራሳችሁ ልትቀይሩ ላሰባችሁ

ከሸዋ ሮቢት በደብረ ሲና አድርጎ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን የሚወጣ መኪና ፍሪሲዮኑ ይፈተናል። መካኒክ ነኝና «ሞተር ሳይወርድ አይቀየርም አይደል?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። የፊት ጎማቸው በሚጎትት መኪኖች፣ እንደ ያሪስ ባሉት፣ በአብዛኛው የሚወርደው ካምቢዮው ብቻ ነው።

ባትሪውን ንቀሉ፣ የካምቢዮውን ዘይት አፍስሱ፣ ወደ ጎማ የሚሄዱትን ሁለት ዘንጎች አውጡ። ሞተሩን ሳትደግፉ የካምቢዮውን መያዣ አትፍቱ። በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ይገድላል፤ በጠንካራ መቆሚያ አሳርፉት።

የፍሪሲዮኑን ሸራ ብቻ ቀይሮ መዝጋት አልስማማበትም። ኩሽኔታው ካረጀ ያንኑ ልፋት ትደግሙታላችሁ። ቮላኖው አለመሰንጠቁን፣ የሞተሩ ፓራዮሊ አለማፍሰሱን እዩ፤ ዘይት የነካው ሸራ ይንሸራተታል።

ዳገት ላይ ስትቆሙ በግማሽ ፍሪሲዮን ሳይሆን በእጅ ፍሬን ያዙ። የመኪናችሁን ዓይነትና ዓመት ጽፋችሁ ጠይቁኝ።