እግር ሳይወርድ

እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሬን አስነስቼ ካልወጣሁ ቀኑ አመለጠኝ ማለት ነው። ድሬዳዋ ላይ ረፋዱ 4 ሰዓት ካለፈ የሞተር ሰልባትዮ በባዶ እጅ አይነካም። ስለዚህ አየሩ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ሦስት አራት ሆነን ከከተማው ወጣ ወዳለ ደረቅ ወንዝ እንወርዳለን። ከድንጋዮቹ መሀል ሃያ ሜትር የሚሆን መንገድ እንመርጥና መነሻው ላይ ባዶ ጀሪካን፣ መድረሻው ላይ አሮጌ ጎማ እናስቀምጣለን። ከዚያ ተራ በተራ እንገባለን። በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቀድመናል። ሕጉ አንድ ነው፦ ከጀሪካኑ እስከ ጎማው ድረስ እግር መሬት አይነካም። የነካ እንደሆነ ዳር የቆሙት ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ «አንድ!»፣ «ሁለት!»። ብዙ እግር ያወረደ ለሁላችንም ፉል ይጋብዛል።

ስንጀምረው ስም ያለው ስፖርት መሆኑን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ «አቦ፣ ይህን እዩልኝ!» ብሎ ስልኩን ዘረጋልን። መቀመጫ በሌለው ሞተር ላይ የቆመ ሰው ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ቋጥኝ ይወጣል። ቋጥኙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ያስባል፤ ከዚያ ይወርዳል። አጠገቡ ያለው ዳኛ ዓይኑን ከሰውየው እግር ላይ አይነቅልም። ልክ እንደ እኛ እግር ይቆጥራል።

ትራያል ይባላል። የተወለደው እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የሞተር አምራቾች ሥራቸው ጭቃና አቀበት የሚችል መሆኑን ለሕዝብ ለማሳየት ከሚያደርጉት ፈተና የወጣ ነው። በ1914 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ስኮት የተባለ አምራች የራሱን ፋብሪካ ሠራተኞች በዮርክሻየር ገጠር ወንዝና ገደል እንዲያቋርጡ ፈተናቸው፤ በስሙ የተጠራው ውድድር እስከ ዛሬ አለ። የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ እግር ያወረደ አንድ ነጥብ ይያዝበታል፤ ሁለት ጊዜ ያወረደ ሁለት፤ ከዚያ በላይ ስንትም ቢሆን ሦስት። የወደቀ ወይም ከተሰመረለት መስመር የወጣ አምስት ይቆጠርበታል። ያሸነፈ ማለት ትንሹን ቁጥር ይዞ የወጣ ነው። ስፔናዊው ቶኒ ቡ ከ2007 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. አንድም ዓመት ሳያስመልጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የእነሱ ሞተር ከ75 ኪሎ አይበልጥም፤ የኋላ ጎማው የሚሞላው አየር 0.3 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ ድንጋዩን እንደ መዳፍ አቅፎ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ሞተር ድሬ ውስጥ አይቼ አላውቅም። እኛ ያለን ከሥራ የተረፈ ሞተር ነው። እግር ሳያወርዱ መንዳት ግን በየትኛውም ሞተር ይቻላል።

እኔ ዝግታን የተማርኩት በሥራዬ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች እየዞርኩ ፍየልና በግ፣ አንዳንዴም ግመል እከትባለሁ። ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት በትንንሽ ጠርሙስ ነው፤ ከበረዶ ጋር ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከሞተሩ ኋላ ይታሰራል። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ድንጋያማውን መንገድ በፍጥነት ነድቼ ደረስኩና ሣጥኑን ስከፍት ሦስት ጠርሙስ ተሰብሮ በረዶው ላይ ፈሷል። ከሩቅ መንደር አራት ፍየል እየነዱ የመጡ አንዲት እናት ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ ለእኔም ይደርሳል?» አሉኝ። አልደረሰም። በመጡበት እግራቸው ሲመለሱ ከኋላቸው እያየሁ የቆምኩበት ቦታ ዛሬም ሳልፍበት ልቤን ይከብደዋል።

ከዚያ በኋላ ነው ድንጋይን እንዴት እንደሚያልፉት ማጥናት የያዝኩት። ሰው የሚሳሳተው ቁጭ ብሎ ሲያልፍ ነው። በእግር ማሳረፊያው ላይ ቁም፣ ጉልበትህን ላላ አድርግ፤ ሞተሩ ከሥርህ እንደ ልቡ ይወዛወዝ፣ አንተ ግን አትወዛወዝ። አንደኛ ማርሽ ይበቃል። አንድ ጣት ፍሪሲዮኑ ላይ፣ አንድ ጣት የፊት ፍሬኑ ላይ፣ ቀኝ እግር የኋላ ፍሬኑ ላይ ይሁን። የሞተሩ ጉልበት የሚለካው በነዳጅ እጀታው ብቻ አይደለም፤ ነዳጁን በመጠኑ ይዘህ ፍሪሲዮኑን በጥቂት ጥቂቱ እየለቀቅክና እየያዝክ ነው። የፊት ጎማ ድንጋዩን ሊነካ ሲል ነዳጅ ጨመር ታደርግና ፊቱ ይቀልላል፤ ጎማው እንደወጣ ነዳጁን ዘግተህ ሰውነትህን ወደ ፊት ታመጣለህ፤ የኋላው ጎማ ሳይመታ ተንከባሎ ይከተላል። ዓይን ደግሞ ድንጋዩ ላይ መቅረት የለበትም፤ ያየኸው ቦታ ነው የምትሄደው። ይህን ሁሉ ከቃል ይልቅ የሚያስተምረው እጅ ነው። እኔ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

የራሴ ሞተር ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛሁት አሮጌ ሲሆን ባለ ሁለት ስትሮክ ነው፤ ማለትም ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ዲቲ ዘይቱን ለብቻው ይይዝና በትንሽ ፓምፕ እየመጠነ ይሰጣል። የፓምፑ ገመድ ከነዳጅ እጀታው ጋር የተያያዘ ነው፤ እጀታው ሲከፈት ዘይቱ ይጨምራል፣ ሲዘጋ ይቀንሳል። ይህን በደንብ ሳላውቅ ነው አንድ ቀን ከሐረር ስመለስ የደንገጎን ቁልቁለት ነዳጅ ዘግቼ፣ ማርሽ ውስጥ እንዳለሁ የወረድኩት። ዘይቱ ሙሉ ነበር። ኩርባውን ልጨርስ ስል ሞተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና የኋላው ጎማ ድርቅ ብሎ ቆመ። ፍሪሲዮኑን ወዲያው መያዜ ነው ያዳነኝ፤ ጣቴ እዚያ ላይ ያረፈው ደግሞ ወንዝ ውስጥ በለመድኩት ልማድ ነው።

ሞተሩን በጭነት መኪና አምጥቼ ጋሼ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሼ ድሮ የባቡሩ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ፤ ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱም። ቴስታውን ከፈቱ፣ ሲሊንደሩን አወጡ፣ ፒስቶኑን በጨርቅ ጠርገው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጭረት አለ፤ አሉሚኒየሙ ቀልጦ ፋሻውን ጉድጓዱ ውስጥ አጣብቆታል። ጋሼ በጥፍራቸው ጭረቱን እየተከተሉ «ይኸውልህ፣ ቁልቁለት ላይ ስትዘጋበት ተጠምቶ ነው» አሉኝ። ከዚያ የፓምፑን ገመድ ይዘው ሳቡት። ረግቧል። እጀታው ሲዘጋ የምትወርደው ዘይት ከምንም የማትቆጠር ሆና ነበር። «ቁልቁለት ስትወርድ በየመሀሉ ነዳጁን ክፈት ክፈት አድርግለት። ይጠጣ» አሉኝ። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ በ0.5 ሚሊ ሜትር ሰፋ፤ በልኩ አዲስ ፒስቶንና ፋሻ ገባለት። ዛሬም በዚያው ነው የምነዳው።

ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ያለ እጅ በአጋጣሚ አልበቀለም። ከተማዋን ራሷን የወለዳት ባቡሩ ነው፤ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። የባቡሩ ዋና ወርክሾፕ እዚህ ስለተተከለ፣ ከባሕር ማዶ መለዋወጫ እስኪመጣ የማይጠብቅ ብረት ቀራጭ፣ በያጅና ሞተሪስታ ትውልድ በትውልድ ወጥቶበታል። አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ መልካ ጀብዱ በኩል ነው፤ የድሮው ለገሃር ጭር ብሏል። ሙያው ግን ወደ ጋራዦቹ ገብቷል። እኔ የጋሼን የሥራ ጠረጴዛ ሳይ የማየው ያንን ወርክሾፕ ነው። መሣሪያ ከተሠራበት በኋላ ሳይጠረግ ወደ ቦታው አይመለስም፤ የተፈታ ብሎን ሁሉ በተፈታበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ይደረደራል። ይህንን ሥርዓት ለወጣቶቻችን ማውረስ ካልቻልን ትልቅ ሀብት ነው የምናጣው።

እዚህ ሞተር የሚገድለው ከሁሉ በላይ አቧራ ነው። የወንዙ አሸዋ ሲፈጭ እንደ ዱቄት ይሆናል፤ ፊልትሮውን አልፎ ከገባ ፒስቶንና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስለዚህ ወንዝ በዋልን ቁጥር ማታውን ፊልትሮ ይታጠባል። የስፖንጅ ፊልትሮ በቤንዚን አይታጠብም፤ ስፖንጁን ያበላሸዋል፣ እሳትም ነው። በሞቀ ውኃና በሳሙና እየጨመቁ ማጠብ ነው፤ መጠምዘዝ ይቀደዋል። ጥላ ላይ ከደረቀ በኋላ ዘይት ይጠጣና ትርፉ ይጨመቃል። ካርቡራተሩ መግቢያ ላይ ነጭ ጨርቅ በጣቴ አድርጌ እጠርጋለሁ፤ ጨርቁ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካየሁ ፊልትሮው የሆነ ቦታ አፍ አለው ማለት ነውና ሳላገኘው አልተኛም።

ካቴና ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዘይት በብዛት ማርከፍከፍ ጥሩ ይመስላል፤ ዘይትና አሸዋ ሲቀላቀል ግን ካቴናውን ራሱ የሚበላ ሞረድ ይሆናል። በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ጠርጎ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ጥቂት ዘይት ሰጥቶ፣ ትርፉን እንደገና መጥረግ ነው። መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲነኩት ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ መርገብ አለበት፤ ከዚያ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይጨርሳል።

ካንዴላ የሞተሩ ምላስ ነው። ከፍቶ ቀለሙን ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶት እየጋለ ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ድሬ ላይ ቡናማ የነበረው ካንዴላዬ ደንገጎ ስወጣ ጥቁር ይሆናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ መሀል ያለው ደንገጎ ከሁለቱም ይበልጣል። ወደ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ስለዚህ ሞተሩ ይታነቃል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። አቀበት ላይ ሞተሩ ሲደክም ቶሎ ሚኒሞውን መነካካት የሚጀምሩ ልጆች አሉ። ተዉት። ወደ ድሬ ሲመለስ ራሱ ይድናል።

ክረምት ላይ ወንዝ አንወርድም። ይህን በተለይ ለእንግዳ ሰው መናገር አለብኝ። በከተማው መሀል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ጎርፉ ግን የሚመጣው ከላይ ከተራራው ስለሆነ፣ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሞልቶ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። በዚያ ሌሊት ቤተሰብ ያጣ ጓደኛ አለን፤ ደንገጎ ላይ ደመና ካየ ሞተሩን አያስነሳም፤ እኛም ያኔ ከእሱ ጋር ቤታችን እንቀመጣለን።

በሳምንቱ ቀናት በቀፊራ ገበያ በኩል ሳልፍ የእሁዱ ልምምድ ምን እንደጠቀመኝ ይገባኛል። ባጃጁ በድንገት ይቆማል፤ ልጅ ኳስ ተከትሎ ይወጣል፤ ጫት የተሸከመች ሴት መሀል መንገድ ላይ ሸክሟን ታስተካክላለች። በቀስታ መንዳት የማይችል ሰው እዚህ ቦታ ላይ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ እግሩን እየጎተተ ሰው ይገጫል፣ ወይ ጡሩምባ እየነፋ ሰው ያስደነግጣል። እግር ሳያወርድ ድንጋይ ማለፍ የለመደ ግን ፍሪሲዮኑን ይዞ፣ ሚዛኑን ጠብቆ፣ ሴትየዋ ሸክሟን እስክታነሣ ይጠብቃል። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ማንም ይችላል፤ እጀታ መጠምዘዝ ብቻ ነው። በ3 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ግን ሞተሩን ያወቀ ሰው ነው።

አዲስ ሞተር የገዛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰው ከኋላችሁ ከመጫናችሁ በፊት አንድ ጠዋት ስጡን። እሁድ 12 ሰዓት ላይ ከከዚራ ሰፈር አንድ ላይ ነው የምንነሣው። ክፍያ የለም። ሄልሜት፣ ረጅም ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ፤ ፊልትሮአችሁንም ከመምጣታችሁ በፊት እጠቡት።