ከቀዝቃዛ ባህር የሚወጣ ሞቃት ዓሣ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2019 በቶኪዮው ቶዮሱ ገበያ በተካሄደው የዓመቱ የመጀመሪያ ጨረታ አንድ ዓሣ በ333.6 ሚሊዮን የን ተሸጠ። በወቅቱ ምንዛሪ ከ3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ መሆኑ ነው። ዓሣው 278 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሦስት ኩንታል ለመሙላት ጥቂት የቀረው ብሉፊን ቱና ነበር። ገዢው ኪዮሺ ኪሙራ የተባሉ የሱሺ ምግብ ቤቶች ባለቤት ሲሆኑ፣ ድርጅታቸው እ.ኤ.አ. በ2026 ለአንድ የ243 ኪሎ ዓሣ 510.3 ሚሊዮን የን ከፍሎ የራሱን ክብረ ወሰን ሰብሯል። እንዲህ ያለው ዋጋ በአብዛኛው የማስታወቂያ ወጪ ነው፤ በአዘቦት ቀን ማንም ይህን አይከፍልም። የሁለቱም ዓሦች መነሻ ግን አንድ ነው፤ ኦማ የተባለች ትንሽ የወደብ ከተማ።

ኦማ የምትገኘው በሆንሹ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ሲሆን፣ ከሆካይዶ የሚለያት የጹጋሩ ሰርጥ ነው። ከጃፓን ባህር የሚነሳ ሞቃት ጅረት በዚህ ሰርጥ አልፎ ወደ ፓሲፊክ ይፈሳል። ስኩዊድና ትናንሽ ዓሦች ስለሚበዙበት ቱናው እነሱን ተከትሎ ይመጣል። ቅዝቃዜው ሲበረታ ዓሣው ስብ ያከማቻል፤ ሱሺ ወዳዱም ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚሁ ስብ ነው። (በዓለም ገበያ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው ቱና በአብዛኛው ስኪፕጃክ የሚባለው አነስተኛ ዘመዱ ነው።) በመሆኑም ጥሩ ዋጋ የሚገኘው አየሩ ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚጠጋበት፣ ነፋሱ ጀልባ በሚከለክልበት በክረምታቸው ወቅት ነው።

አስጋሪው ብዙውን ጊዜ በትንሽ ጀልባ ብቻውን ወይም ከአንድ ረዳት ጋር ይወጣል። መንጋውን በሶናር ይፈልጋል፤ ከዚያም ነፍስ ያለው ስኩዊድ ወይም ትንሽ ዓሣ በመንጠቆ ሰክቶ ይለቃል። አንድ ክር፣ አንድ መንጠቆ፤ ጃፓኖች «ኢፖን ዙሪ» ይሉታል። ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ነው፤ ነዳጁ ግን ተቃጥሏል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ከጨረታው ይልቅ የሚያስደንቀው ዓሣው ከተያዘ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው።

የአብዛኞቹ ዓሦች የሰውነት ሙቀት ከሚዋኙበት ውኃ ጋር ተቀራራቢ ነው። ብሉፊን ግን ይለያል። ከጡንቻው የሚመለሰውን ሞቃት ደም የሚሸከሙት ቀጫጭን ሥሮች፣ ከመተንፈሻው ስንጥብ ቀዝቃዛ ደም ከሚያመጡት ጎን ለጎን ያልፋሉ። ሙቀቱም ወደ ባህሩ ከመጥፋቱ በፊት ለቀዝቃዛው ደም ተላልፎ ወደ ጡንቻው ይመለሳል። ስለዚህ ጡንቻው ከውኃው በ10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል። በቀዝቃዛ ባህር በፍጥነት ለማደን የሚያስችለው ይኸው ነው።

መንጠቆ ሲይዘው ግን ይኸው ሙቀት ዋጋውን ያበላሻል። ትግሉ በረዘመ ቁጥር ጡንቻው ይግላል፣ አሲድ ይጠራቀምበታል፤ ሥጋው ቀለሙ ይፈዝዛል፣ ይኮመጥጣልም። ይህን «ያኬ» ይሉታል፤ ተቃጠለ እንደ ማለት ነው። ስለሆነም አስጋሪው ዓሣው ሲቃረብ በክሩ ላይ በሚያወርደው መሣሪያ በኤሌክትሪክ አደንዝዞ ትግሉን ያሳጥራል። ባለገመድ ጦር ይወረውርበታል፣ ወዲያው ደሙን ያፈስሳል፣ ስንጥቡንና ሆድ ዕቃውን አውጥቶ በበረዶ ይሞላዋል። ውጪው ቢበርድም የዓሣው መሐል ትኩስ ስለሆነ የታኅሣሥ ብርድ ብቻውን አያድነውም።

ቶኪዮ ሲደርስ ገዢዎች ጅራቱ የተቆረጠበትን ቦታ በባትሪ እያበሩ ያያሉ፤ ቁራሽ ሥጋ በጣታቸው አሽተው ስቡን ይገምታሉ። አስጋሪው በባህሩ ላይ የዘገየው እዚያ ይታወቅበታል።

ሌላው ገደብ ኮታው ነው። የፓሲፊክ ብሉፊን የመራቢያ ክምችት በ2010 አካባቢ፣ ምንም ባይጠመድ ኖሮ ሊኖር ከሚችለው ወደ 2 በመቶ ግድም ወርዶ ነበር። አገሮች ከ30 ኪሎ በታች የሆኑትን ማጥመድ በግማሽ ለመቀነስ ከተስማሙ በኋላ እያገገመ መጥቶ፣ በ2024 የወጣው ግምገማ ከ20 በመቶ በላይ መድረሱን አሳይቷል። በዚህም የተነሳ ከ2025 ጀምሮ የትልልቆቹ ኮታ በ50 በመቶ ከፍ ብሏል። ኮታው ሲሞላ ግን ባህሩ በዓሣ ቢጥለቀለቅም ጀልባው ወደብ ላይ ይታሰራል። ያልተመዘገበ ቱና ገበያ ላይ አውለዋል የተባሉ የዓሣ ነጋዴዎች በ2023 የተያዙት እዚያው ኦማ ውስጥ ነበር።