የኮራል ገንዳ ኪሳራ ከውሃው አካሄድ ይጀምራል

በሆቴል መግቢያ፣ በሬስቶራንት ወይም በክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል የሚቆም የኮራል አኳሪየም እንደማንኛውም ንብረት መነሻ ካፒታልና የዕለት ወጪ አለው። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው በመስታወቱ፣ በመብራቱና በዓሣዎቹ ዋጋ ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮራሎቹ ሲሞቱ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም ባልተከራከረበት ነገር፣ በውሃው ዝውውር ላይ ነው።

ኮራል እንስሳ ነው። ሆኖም ከአለት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር እንደ ዓሣ ምግብ ፍለጋ አይዋኝም። ምግብና ኦክስጅን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውንም የሚወስድለት የሚንቀሳቀስ ውሃ ነው። ውሃው ሲረጋ በገላው ላይ የማይንቀሳቀስ የውሃ ሽፋን ይወፍራል፤ ኮራሉም በገዛ ቆሻሻው ይታፈናል።

ሁለት ሥራ፣ ሁለት ዓይነት ፓምፕ

በአንድ ገንዳ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የፓምፕ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው ውሃውን ማጣሪያው ካለበት ከታችኛው ገንዳ ወደ ላይኛው መመለስ ነው። ሁለተኛው በላይኛው ገንዳ ውስጥ ያለውን ውሃ ማንቀሳቀስ ነው። ሁለቱን በአንድ ትልቅ ፓምፕ ለመሸፈን መሞከር የተለመደ ስህተት ነው።

ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 400 ሊትር ያህል ይይዛል። በሙያው በተለመደው ግምት ለመመለሻው በሰዓት የገንዳውን 5 እጥፍ፣ ማለትም 2,000 ሊትር ማድረስ ይበቃል። ለውስጥ ዝውውሩ ግን ለለስላሳ ኮራሎች ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ቅርንጫፍ ላላቸው ጠንካራ ኮራሎች ደግሞ 30 እጥፍና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ ሳይገፋ የሚሰጠው ነው። ቧንቧው ከፍ ባለ ቁጥር፣ ኤልቦም በበዛ ቁጥር መጠኑ ይወርዳል። ስለዚህ ገዢው መጠየቅ ያለበት «ስንት ሊትር ነው?» ሳይሆን «በአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብሎ ነው።

የመብራቱ ሂሳብ

ለውስጥ ዝውውር የቀድሞዎቹ ፓምፖች ውሃውን በጠባብ አፍ በኃይል ይተፉ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተስፋፉት ባለ ፕሮፔለር ፓምፖች ግን እንደ ቬንቲሌተር ሰፋ አድርገው ስለሚገፉ በአነስተኛ ኃይል ብዙ ውሃ ያንቀሳቅሳሉ። ለምሳሌ ባለ 60 ዋት ሁለት ፓምፖች ቀንና ሌሊት ሲሠሩ በዓመት 1,051 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ባለ 15 ዋት ሁለቱ የሚፈጁት 263 ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ውሃ ውስጥ የተጠመቀ ሞተር የሚፈጀው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ትልቁን ፓምፕ የገዛ ሰው ማቀዝቀዣም ሊጨምር ይገደዳል።

ኃይል ብቻውን ግን አይበቃም። በአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚመታ ውሃ የኮራሉን ሥጋ ከአጥንቱ ይልጣል፤ ከአለቱ ጀርባ ደግሞ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት የረጋ ስፍራ ይተዋል። ስለዚህ ሁለት ፓምፖች በሁለቱ ጫፎች ተተክለው በየተራ ይሠራሉ፤ አለቱም ከኋላው መስታወት ራቅ ተደርጎ ይደረደራል።

በሃዋይ የዋይኪኪ አኳሪየም ዳይሬክተር የነበሩት ብሩስ ካርልሰን የተጠቀሙበት ዘዴ ትንሽ ፓምፕ ትልቅ ማዕበል እንደሚሠራ ያሳያል። ፓምፑ ከገንዳው በላይ የተሰቀለን በርሜል ቀስ እያለ ይሞላል፤ ሲሞላ የታጠፈው ቧንቧ ውሃውን በአንድ ጊዜ ስቦ ይለቀዋል። 60 ሊትር በ20 ሰከንድ ሲለቀቅ ፍሰቱ በሰዓት 10,800 ሊትር ይደርሳል። ጉድለቱ ጩኸቱ፣ አረፋውና የጨው ፍንጣቂው ነው።

መብራት ሲጠፋ

ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቧንቧ ውሃውን ወደ ታች መልሶ ይስባል። የቧንቧው አፍ ከውሃው ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ፣ ከላይ በተጠቀሰው ገንዳ 36 ሊትር ይወርዳል። ታችኛው ገንዳ ይህን የሚቀበል ባዶ ቦታ ከሌለው ጨዋማው ውሃ ምንጣፉ ላይ ነው። አንድ መንገድ ብቻ በሚያሳልፍ ቫልቭ መተማመን አያዋጣም፤ ቆሻሻ ሲይዘው አይዘጋምና።

ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ ለሚያስብ ሰው ሌላ ሂሳብ አለ። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የውሃው ወለል ያለማቋረጥ መናወጥ አለበት፤ መብራት ሲቋረጥ የሚነሳ የባትሪ አየር ፓምፕም እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም።

የሙያው ምክር አጭር ነው። ኮራል ከመግባቱ በፊት ገንዳው በውሃና በአለት ብቻ ይሞከር፤ ጥቂት የዓሣ ምግብ ተበትኖ የት እንደሚሄድና የት እንደሚቀመጥ ይታይ፤ መብራቱም ሆን ተብሎ ይጥፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ በዚህ ደረጃ ፓምፕ ማዘዋወር የሚያስከፍለው የአንድ ከሰዓት ድካም ብቻ ነው።