የቡድን ጥሪ ጆሮ ጠቢዎች

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የአውሮፓ ኅብረት የመከላከያ ሚኒስትሮች በቪዲዮ ዝግ ስብሰባ ላይ ሳሉ አንድ ያልተጠራ ሰው ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ እጁን አውለበለበላቸው። ሆላንዳዊው ጋዜጠኛ ዳንኤል ቬርላን ነበር። ኮምፒውተር ሰብሮ አልገባም። የአገሩ መከላከያ ሚኒስትር አንክ ቤይለቬልድ በትዊተር በወጣ ፎቷቸው ላይ ከ6ቱ የመግቢያ አኃዞች 5ቱ ይነበቡ ስለነበር፣ የቀረችውን አንዷን በግምት ሞላት።

አደባባይ ከወጡት ታሪኮች ብዙዎቹ ከዚህ አይርቁም። በ2012 አኖኒመስ የተባለው የጠላፊዎች ቡድን የኤፍቢአይንና የስኮትላንድ ያርድን የስልክ ውይይት ቀድቶ ለዓለም ያሰማው፣ አንድ የአየርላንድ ፖሊስ የጥሪውን ኢሜይል ወደ ግል አድራሻው ልኮት ስለነበር ነው። የጀርመን አየር ኃይል መኮንኖች ስለ ታውሩስ ሚሳይል በዌቤክስ የስብሰባ አገልግሎት ሲመክሩ የተቀዳው ድምፅም በማርች 2024 በሩሲያ ሚዲያ ወጣ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ቦሪስ ፒስቶሪየስ እንዳሉት ቀዳዳው ከሲንጋፖር ሆኖ ደኅንነቱ ባልተጠበቀ መስመር የገባ አንድ ተሳታፊ ነው።

ከሰው ስህተት ሌላ መስመሩ ራሱም ይለያያል። በተለመደው የኮንፈረንስ ስልክ ድምፆቹን የሚያቀላቅለው መሃል ያለው መሣሪያ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ከፈለገ ሁሉንም ይሰማል። ሲግናልና ዋትስአፕ ግን ድምፁን ከተናጋሪው ስልክ መስጥረው ያወጡታል፤ ሰርቨሩ እንደተቆለፈ ያድላል እንጂ አይከፍተውም፣ ቁልፉ ያለው ተሳታፊዎቹ ዘንድ ነው። አድካሚው ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ቁልፉን መቀየሩ ነው፤ ለትልልቅ ቡድኖች ይህን የሚያቀል ኤምኤልኤስ የተባለ ደረጃ በጁላይ 2023 ወጥቷል። የኩባንያ ማስታወቂያ ግን አይታመንም፦ ዙም «ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ» ሲል ቁልፉ በራሱ እጅ እንደነበር የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከስሶታል። ዙም እውነተኛውን በኦክቶበር 2020 አመጣ፤ እሱም ካላበሩት አይሠራም፣ ሲበራ ደግሞ በተራ ስልክ ደውሎ መግባት ይቀራል።

የእኛ ሰው ጣጣ እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በተራ ስልክ የሚገባባቸው የጸሎትና የእድር መስመሮች ዛሬም አሉ። ለእናት አባቶች አፕ ከማስተማር ቁጥር መስጠት ይቀላል፤ አልፈርድም። ግን ያ መስመር የአደባባይ ነው። የእድር ገንዘብ ወይም የሰው ሕመም የምታነሱበት ከሆነ ኮዱን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ የማታውቁት ቁጥር ሲገባ «ማን ልበል?» በሉ፣ ካልመለሰ አስወጡት።