ሳይዘጋ የሚታደስ መደብር

ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶና የቤት ዕቃ በየክፍሉ ተለይቶ የሚሸጥበት ባለብዙ ፎቅ ታላቅ መደብር ሲያረጅ፣ ባለቤቶቹ ወይ ዘግተው ያድሱታል፣ ወይም እየሸጡ ያድሱታል። የፓሪሱ ላ ሳማሪቴን ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ሆኖ በመገኘቱ በ2005 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተዘግቶ ዳግም የተከፈተው በ2021 ነው። በአንጻሩ የኒው ዮርኩ ሜሲስ በ1902 ሄራልድ ስኩዌር ላይ የከፈተውን ዋና መደብሩን በ400 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ ለዓመታት ሲያድስ፣ በሩን ለገበያተኛ ክፍት እንዳደረገ ቆይቷል፤ የታወቁት የእንጨት ተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹም ከእድሳቱ በኋላ ዛሬም ይሠራሉ።

እየሸጡ ማደስ የሚቻለው ሥራው በየተራ ሲከፋፈል ነው። አንድ የሽያጭ ክፍል ወደ ጊዜያዊ ቦታ ይዛወራል፣ የለቀቀው ስፍራ ታጥሮ ይታደሳል፣ ሲያልቅም ክፍሉ ተመልሶ ቀጣዩ ይነሳል። አጥሩ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስና እሳት የሚቋቋም ጊዜያዊ ግድግዳ ሲሆን፣ ከበስተጀርባው አየሩን ወደ ውጭ የሚስቡ ማራገቢያዎች ስለሚሠሩ የግንባታው ስፍራ የአየር ግፊት ከመደብሩ ዝቅ ይላል፤ በዚህም አየር ከገበያው ወደ ግንባታው እንጂ ከግንባታው ወደ ገበያው አይነፍስም፣ አቧራውም እዚያው ይቀራል። መስበር፣ መቁረጥና ፍርስራሽ ማውጣት በአብዛኛው መደብሩ ከተዘጋ በኋላ በሌሊት ይከናወናል።

ከአቧራና ከጫጫታ ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻው እሳት ነው። ብየዳና ብልጭታ የሚያወጣ ሥራ ሁሉ የዕለት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሥራው ካበቃ በኋላም የተዳፈነ ፍም እንዳይቀጣጠል ማጥፊያ የያዘ ጠባቂ በስፍራው ይቆያል። አዲስ ግድግዳ በቆመ ቁጥር የአደጋ ጊዜ መውጫው መንገድ ስለሚለወጥ፣ በሮቹ ለሕዝቡ ብዛት መብቃታቸው እንደገና ተሰልቶ የአቅጣጫ ምልክቶቹ መደብሩ ከመከፈቱ በፊት መቀየር አለባቸው።

ከሁሉ የከበደው ግን ምሰሶና ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን ወለል የሚሠራውን ኮንክሪት፣ መንካት ነው። ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ሶሌታ ሲበሳ፣ በዚያ ያልፍ የነበረው ጭነት ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በድጋፍ ይያዛል። ከታች ያለው ወለልም ሰውና ሸቀጥ ተሸክሟልና፣ ድጋፉ ጭነቱን መሸከም የሚችል ክፍል እስኪያገኝ ድረስ ፎቅ በፎቅ ይወርዳል።

ምሰሶና ሶሌታ የሚሸከሙት ጭነት ችላ ሲባል የሚሆነውን በሴኡል የነበረው የሳምፑንግ መደብር አሳይቷል። ሶሌታው በቀጥታ በምሰሶዎች ላይ የተቀመጠ፣ ተሸካሚ አግዳሚ የሌለው ሕንጻ ነበር፤ ምሰሶዎቹ ከዕቅዱ ቀጥነው ተሠሩ፣ በተንቀሳቃሽ ደረጃዎቹ ዙሪያም ተሸረፉ፣ በመጀመሪያው ዕቅድ ያልነበረ አምስተኛ ፎቅ ተጨመረ። ኋላም ጣሪያ ላይ የነበሩት ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎች በክሬን ተነሥተው መዛወር ሲገባቸው በጣሪያው ላይ ተጎተቱ፤ ሶሌታውም ተሰነጠቀ። ሰኔ 29 ቀን 1995 ጠዋት ስንጥቁ መስፋቱ ሲታይ፣ ኃላፊዎቹ የላይኛውን ፎቅ ዘግተው ማቀዝቀዣውን ቢያጠፉም ከታች ሽያጩ እንዲቀጥል አደረጉ። አመሻሹ ላይ ሕንጻው ተደርምሶ 502 ሰዎች ሞቱ።

በዚያ ቀን ሕንጻውን በጊዜ ባዶ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ውሳኔው ግን የሽያጩ ገቢ በሚያሳስባቸው ሰዎች እጅ ነበር። እየሸጠ የሚታደስ መደብር ሁሉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ ስንጥቅ ወይም ጭስ በታየ ሰዓት ማንንም ሳያስፈቅድ መደብሩን የሚያዘጋ፣ ከሽያጩ ጥቅም የሌለው መሐንዲስ በጽሑፍ ሊሾምለት ይገባል።